ደስታ ከማን ጋር?

 

ዛሬ የማወራችሁ ሰው በገዛ ፈቃዱ፣ ማንም ሳያዘው፣ አንዳንዴም ከምሳው ቀንሶ ስለሚገዛው መጽሐፍ ነው። የፈተና መጽሐፍ አይደለም፤ የጸሎት መጽሐፍም አይደለም። ስለ ጠባይ፣ ስለ መልካም ኑሮና ስለ ደስታ የሚናገረው ነው። እዚህ አዳማ በመናኸሪያው አካባቢና በዋናው ጎዳና ዳር ሸራ ላይ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። አዟሪው ደግሞ ከክንዱ እስከ አገጩ ቆልሎ፣ ርዕሱ የሚነበብበትን ጠርዝ ወደ ውጭ አዙሮ፣ ከካፌ ካፌ ይዞረዋል። ይህ ልጅ ደንበኛውን ያውቃል። ብቻውን ማኪያቶ ይዞ ስልኩን ለሚነካካ ወጣት ልብ ወለድ አያቀርብም፤ ከክምሩ መሐል ስለ ስኬት፣ ስለ አስተሳሰብ፣ ስለ በራስ መተማመን የሚያወራውን ይመዝና ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ወጣቱ የኋላ ሽፋኑን ያነባል፤ ማውጫውን ይገልጣል፤ «ስንት ነው?» ይላል፤ ይከራከራል፤ ብዙ ጊዜም ይገዛል።

በዚያ ክምር ውስጥ ከውጭ ተተርጉመው የገቡት እነ ዴል ካርኔጊና እነ ሮበርት ኪዮሳኪ አሉ። የካርኔጊን መጽሐፍ «ጠብታ ማር» በሚል ስም የማያውቅ አማርኛ አንባቢ ጥቂት ነው። ከአገር ውስጥ ደግሞ የአእምሮ ሐኪሙ የዶክተር ምህረት ደበበ «የተቆለፈበት ቁልፍ» አለ፤ የዶክተር ኢዮብ ማሞ መጻሕፍት አሉ፤ ፍልስፍናን ለሁሉም አንባቢ ለማቅረብ የጻፉ እንደ ብሩህ ዓለምነህ ያሉ ሰዎች ሥራም አለ።

ገዢዎቹ እነማን ናቸው? የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲያችን ተማሪ አለ። ተራ የሚጠብቅ የባጃጅ ሹፌር አለ። ሆቴል ውስጥ የምታስተናግድ ልጅ አለች። ከአርሲ ወይም ከመተሐራ ሥራ ፍለጋ መጥቶ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል የተከራየ ልጅ አለ። ከተማችን መስቀለኛ መንገድ ናት፤ የሐረርና የድሬዳዋው መንገድ ከአሰላና ከባሌው የሚለየው እዚህ ነው። እዚህ የሚያርፍ ወጣት አጎቱን፣ አያቱን፣ የሰፈሩን ሽማግሌ ከኋላው ትቶ ይመጣል። ሲሳሳት «ተው ልጄ» የሚለው፣ ሲከፋው «ና እስቲ ቁጭ በል» የሚለው ሰው አጠገቡ የለም። መጽሐፉን የሚገዛው መካሪ ስላጣ ነው። ይህን ገበያ በአክብሮት የማየውም በዚህ ምክንያት ነው።

የተማረው ሰው እነዚህን መጻሕፍት ሲንቅ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። «ፍልስፍና አይደሉም፤ የተቃረመ ጥቅስ ናቸው» ይላል። ለዚህ ሰው የራሱን አገር ታሪክ ላስታውሰው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1510 እስከ 1522 ባሉት ዓመታት አባ ሚካኤል የተባሉ ሰው «መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን»ን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መልሰዋል። መጽሐፉ ምንድን ነው? የሶቅራጥስ፣ የአፍላጦን፣ የአርስጣጣሊስና የሌሎች ጠቢባን ናቸው የተባሉ አጫጭር ምክሮች ስብስብ ነው። ሥሩ በዘጠነኛው መቶ ዓመት ባግዳድ ውስጥ የነበረው ክርስቲያኑ ሐኪምና ተርጓሚ ሁነይን ኢብን ኢስሃቅ ካሰባሰበው የጠቢባን ንግግር ጋር ይያያዛል። ከግሪክ ተነሥቶ፣ በዐረብ አገር አልፎ፣ ወደ ገዳሞቻችን ደረሰ። በዛሬው ቋንቋ ብንናገር አዟሪው የሚይዘው ዓይነት መጽሐፍ ነበር፤ የተተረጎመ፣ አጭር፣ በቃል የሚያዝ፣ ስለ ጠባይ የሚናገር።

ይህንን መጽሐፍ ለዓለም ያስተዋወቁት ካናዳዊው ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ዕድሜያቸውን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በማስተማር አሳለፉ። ባወጧቸው አምስት ጥራዞች ደጋግመው ያሳዩት አንድ ነገር አለ፤ የኢትዮጵያ ተርጓሚ ቃል በቃል አይተረጉምም። ይቀንሳል፣ ይጨምራል፣ ከአንባቢው ሕይወትና እምነት ጋር ያስማማል። ይህን አሳብ አደራ ያዙልኝ። ዛሬ የጎደለን ይኸው ይመስለኛል።

ከአባ ሚካኤል ወደ ቅርቡ ዘመን እንለፍ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910 ዓ.ም. «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ»ን አሳተሙ፤ በ1915 ዓ.ም. ደግሞ «ወዳጄ ልቤ»ን። ከእሳቸው በኋላ ከበደ ሚካኤል በ«ታሪክና ምሳሌ» የተማሪን ትውልድ በሙሉ በተረትና በግጥም ግብረ ገብ አስተማሩ። እዚህ የተቀመጣችሁ አባቶች ከዚያ መጽሐፍ በቃላችሁ የምትይዙት አይጠፋም። እነዚህን ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ምክሩ ተናጋሪ አለው፤ ተናጋሪውና ሰሚው ይተዋወቃሉ። አባት ለልጁ፣ መምህር ለደቀ መዝሙሩ ይናገራል። የሚመክረው ሰው የተመካሪው ነገ ይመለከተዋል፤ ልጁ ቢበላሽ እሱም ያፍራል።

አሁን ወደ ሸራው እንመለስ። አሜሪካዊው ስቲቨን ኮቪ በ1989 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ ስለ ስኬት በአገሩ የተጻፈውን የ200 ዓመት ጽሑፍ መርምሮ ያገኘውን ይናገራል። በመጀመሪያዎቹ 150 ዓመታት የተጻፈው ስለ ሐቀኝነት፣ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ትሕትና፣ ስለ ትጋት፣ ቃልን ስለ መጠበቅ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ጽሑፉ አቅጣጫ ለወጠ። ስለ ፈገግታ፣ ስለ አለባበስ፣ ስለ አነጋገር ዘዴ፣ ሰውን ስለ ማሳመን ሆነ። ጠባይ ወደ ኋላ ቀረና የጠባይ ገጽታ ወደ ፊት መጣ። ይህን የተናገረው ራሱ የዚያ ገበያ ትልቅ ጸሐፊ መሆኑ ምስክርነቱን ያከብደዋል።

በካርኔጊ ላይ ግን ፍርድ ላጓድል አልፈልግም። በ1936 የጻፈው መጽሐፍ የሰውን ስም አስታውስ፣ ሰው ሲናገር አዳምጥ፣ ክርክር አታብዛ ይላል። ይህን የሚጠላ ሽማግሌ በአገራችን አይገኝም። ፈገግ በል የሚልም ምዕራፍ አለው። ምክሩ መልካም ነው። አሁን ምክሩን ይዤ ወደ ወንጂ ልውሰዳችሁ።

ወንጂ ከዚህ ቅርብ ናት። የአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ ስኳር ፋብሪካ በኔዘርላንዱ ኩባንያ በኤች ቪ ኤ ተሠርቶ በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እዚያ ነው። ስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ ምድር ነው፤ በዐለቱ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ወደ ከርሰ ምድር ውኃው ይሟሟል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ውስጥ ግን መጠኑ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። ጥርሱ በሚበቅልበት የልጅነት ዕድሜ ይህን ውኃ የጠጣ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል። ቡናማ ይሆናል፤ ይሸረፋል። ለብዙ ዓመት የጠጣ ሰው ደግሞ አጥንቱ ይደድራል፤ ጀርባው አልታጠፍ፣ አንገቱ አልዞር ይለዋል። በወንጂ፣ በመቂ፣ በባቱ ዙሪያ ያደጋችሁ ይህንን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ስትናገር አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ አይታችኋል። ስትስቅ ነጠላዋን ወደ አፏ ትስባለች። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትቀርብ ከንፈሯን ገጥማ ትመልሳለች፤ ጠያቂውም «በራስ መተማመን ይጎድላታል» ብሎ ይጽፍባታል።

እስቲ ለዚህች ልጅ «ፈገግ በይ፤ ደስታ በውስጥሽ ነው» የሚለውን መጽሐፍ ስጧት። ልታነበው ትችላለች፤ ይጠቅማትም ይሆናል። ነገር ግን ያቺን ልጅ በእውነት የሚወድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጉድጓዱ ነው። ጉድጓዱን የቆፈረው ማን ነው? ውኃውን መርምሮታል ወይ? ማጣሪያው ተበላሽቶ ስንት ጊዜ ቆየ? ታናሽ ወንድሟ አሁንም ከዚያው እየጠጣ ነው ወይ? የደስታ ፍልስፍና እዚህ ጥያቄ ላይ ካልደረሰ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል እላለሁ። ድህነት በአስተሳሰብህ ውስጥ ነው የሚል ሥልጠና በከተማችን አዳራሾች ውስጥ በየጊዜው ይሰጣል፤ አዳማ የስብሰባ ከተማ ናትና። የሸንኮራ ቆራጭ ልጅ ገንዘብ ከፍሎ ገብቶ የድህነቱ ጥፋት የራሱ እንደሆነ ተነግሮት ሲወጣ፣ እኔ ይህን ብርታት መስጠት ብዬ ልጠራው አልችልም። አባቱ ዕድሜውን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የቆረጠው ሸንኮራ በእኛ ሻይ ውስጥ አለ።

ይህንን የምለው በምዕራቡ ዓለም ፍልስፍና ላይ ተነሥቼ አይደለም። የሚገርመው፣ ታላላቆቹን ፈላስፎች በሙሉ ካነበብናቸው ሌላ ነገር እናገኛለን። አርስጣጣሊስ ስለ ደስታና ስለ ጠባይ የጻፈው «ኒቆማኪያዊ ሥነ ምግባር» አሥር ክፍሎች አሉት። ከእነዚህ ሁለቱ፣ ስምንተኛውና ዘጠነኛው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ ወዳጅነት ናቸው። ከአሥሩ ሁለት! ምንም የማይጎድለው ሕይወት ሲል ብቻውን ለሚኖር ሰው የሚበቃውን ማለቱ አይደለም፤ ከወላጅ፣ ከልጅ፣ ከትዳር ጓደኛ፣ ከወዳጅና ከአገር ልጅ ጋር ለሚኖር ሰው ማለቱ ነው፤ ይህንንም ገና በመጀመሪያው ክፍል አስቀምጦታል። ጠባይም በማንበብ አይገኝም ይላል፤ ሰው ፍትሐዊ የሚሆነው ፍትሐዊ ሥራ እየሠራ ነው፣ ደፋር የሚሆነውም የድፍረት ሥራ እየሠራ።

በስልካችን ላይ በአጭር ቪዲዮ የሚዞሩት የስቶይክ ፈላስፎችም እንዲሁ ተቆርጠው ደርሰውናል። ሮማዊው ንጉሠ ነገሥት ማርቆስ አውሬልዮስ «ማንም አይንካህ፣ ጠንክር» ከሚል ምስል ጋር ይለጠፋል። የጻፈው መጽሐፍ ግን የሚጀምረው በዕዳ ዝርዝር ነው። የመጀመሪያው ክፍል በሙሉ ከማን ምን እንደተማረ የመዘገበበት ነው፤ ከአያቱ የጠባይ መልካምነትን፣ ከእናቱ አምላክን መፍራትና ልግስናን፣ ከአሳዳጊ አባቱ፣ ከመምህራኑ፣ አንድ በአንድ። ኤፒክቴተስም ባሪያ ሆኖ ያደገ ሰው ነበር፤ በእጅህ ያለውንና የሌለውን ለይ የሚለው ትምህርቱ ከሰንሰለት ልምድ የወጣ ነው። ይኸው ሰው ግን ልጅ፣ ወንድም፣ ጎረቤት፣ ዜጋ እንደመሆንህ የሚጠበቅብህን ፈጽም እያለ ያስተምር ነበር። ሁለተኛው ትምህርቱ ቪዲዮው ውስጥ አይገባም።

ሳይንሱም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1938 የጀመሩት ጥናት 268 የዩኒቨርሲቲውን ተማሪዎችና 456 በቦስተን ድሃ ሰፈሮች ያደጉ ልጆችን ይዞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተከታተለ፤ በኋላም ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ጨመረ። የዛሬው መሪው ሮበርት ዋልዲንገር ከአጋሩ ጋር በ2023 ባወጣው መጽሐፍ ውጤቱን ነግሮናል። ሰውን እስከ እርጅናው ጤናማና ደስተኛ አድርጎ የሚያቆየው ከሁሉ በላይ ከሰዎች ጋር ያለው የሞቀ ግንኙነት ነው፤ ሀብትም ዝናም ከዚያ በታች ናቸው።

እንግዲህ ከእኛው ምድር ያለውን እንይ። በኦሮሞ ዘንድ ሰፉ የሚባል ነገር አለ። ሰፉ በታላቅና በታናሽ፣ በወላጅና በልጅ፣ በሰውና በእንስሳ፣ በሰውና በምድር መካከል ያለውን ተገቢ ወሰን ይጠብቃል። ሰው የት ቆሞ ለማን ምን እንዳለበት የሚያውቅበት ሚዛን ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፍልስፍና ምሁር ወርቅነህ ቀልቤሳ ይህ እሴት ዛፍን፣ ውኃንና የዱር አራዊትን ጭምር እንዴት እንደሚያቅፍ በሰፊው ጽፈዋል። አቢጃታ ሐይቅ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ እንዴት እንደሸሸ ያየ ሰው ይህ የመጽሐፍ ወሬ አለመሆኑን ይረዳል። ወደ ሐይቁ የሚወርደው ውኃ ከላይ ለመስኖ ይጠለፋል፤ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲቀዳ ቆይቷል። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ድርሻ ብቻ አየ፤ ሐይቁን ያየ አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ግን እኔ ረጅም ጊዜ ልቆይበት የምፈልገው ሲንቄ ነው። በአርሲ ኦሮሞ እናት ልጇን ስትድር ቀጭን ዘንግ ትሰጣታለች። ያ ዘንግ ሲንቄ ነው። ሙሽራይቱ ይዛው ወደ ባሏ ቤት ትገባለች፤ በቤቱ ውስጥ በክብር ይቀመጣል። ባል ቢደበድባት፣ ቢያዋርዳት፣ በተለይም አራስ ሳለች ክፉ ቢነካት፣ ዘንጉን ይዛ ትወጣና ትጮኻለች። ጩኸቱን የሰማች ያገባች ሴት ሁሉ የያዘችውን ትጥላለች። እንጀራ እየጋገረች ከሆነ ምጣዱን ትታ፣ ላም እያለበች ከሆነ ጥጃውን ትታ፣ የራሷን ሲንቄ ይዛ ትወጣለች። በአንድነት ሆነው እየዘመሩ ይሄዳሉ። ሽማግሌዎች ነገሩን ሰምተው፣ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ እስኪጠይቅና ካሣውን እስኪሰጥ ድረስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ሁለት ወገን ተጣልቶ ሊዋጋ ሲል ሴት ሲንቄዋን ይዛ መሐል ከቆመች ወንዶቹ ማለፍ አይችሉም። ዘንጓ ዱላ አይደለችም፤ ማንም አይመታባትም። ኃይሏ ሁሉም የሚያከብራት መሆኗ ነው፤ አርሲዎች ዋዩ ከሚሏቸው የተከበሩ ነገሮች አንዷ ናት።

አሁን ይህን ከምናነበው ጋር አስተያዩት። የተበደለች ሴት የደስታ መጽሐፍ ስትከፍት የሚነገራት ራስሽን ውደጂ፣ ሰላምሽን ከሚነሱሽ ሰዎች ራቂ የሚል ነው። አንዳንዴ ይህ ምክር ሕይወት ያድናል፤ አልክድም። ነገር ግን ሸክሙን በሙሉ የሚጭነው በእሷ ላይ ነው። መጠንከር ያለባት እሷ፣ መራቅ ያለባት እሷ፣ ስሜቷን መቆጣጠር ያለባት እሷ ናት። በሲንቄ ግን የአንዷ መከፋት የአገሩን ሴት ሁሉ ሥራ ያስፈታል። የበዳዩም ጠባይ አደባባይ ወጥቶ ይዳኛል። ስለ ደስታ ከተጻፉት መጻሕፍት ውስጥ ይህን ያህል ርቆ የሄደ ብዙ አላነበብኩም።

የገዳ ሥርዓትም ሰውን በዚሁ መንገድ ይቀርጻል። ልጅ ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር በየ8 ዓመቱ ከእርከን ወደ እርከን ይሸጋገራል። በእያንዳንዱ እርከን የሚማረው፣ የሚፈቀድለትና የሚከለከለው የተለየ ነው። ወደ መሪነት የሚደርሰው ያንን ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው፤ መሪ ሆኖም 8 ዓመት ሲሞላው ያስረክባል። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ባደረገው ስብሰባ ገዳን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሯል። አርስጣጣሊስ ጠባይ ከልምድ ይገኛል ሲል በአሳብ የተናገረውን፣ እዚህ ዓመት ተቆጥሮለት፣ ሥርዓት ተበጅቶለት እናየዋለን። በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ በየዓመቱ በኢሬቻ የሚሰበሰበው ሕዝብም እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ውኃው ወርዶ ያመሰግናል። የዘመኑ መጻሕፍት በየማታው የምታመሰግንባቸውን ነገሮች በማስታወሻ ደብተርህ ጻፍ ይላሉ፤ መልካም ልማድ ነው። ሆራ ላይ ግን ምስጋናው ከጎረቤት ጋር፣ በድምፅ፣ በእጅ ሣር ይዞ ነው።

እስከዚህ ባህላችንን አመስግኜ ብተወው ግን ሐሰት ይሆንብኛል። ገዳ ለሴት የአባ ገዳነት ወንበር አልሰጠም። በመላው አገራችንም፣ በኦሮሞውም በአማራውም በሌላውም ዘንድ፣ ቆዳ የሚያለፋውን፣ ሸክላ የምትሠራውን፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን አዋርደናል። ከእነሱ ጋር አንበላም፣ አንጋባም ብለናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን አትስደቡ ብለው ዐዋጅ ማውጣት ያስፈለጋቸው ስድቡ የተለመደ ስለነበረ ነው። ዛሬ ከዚህ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ያለችው ሞጆ በቆዳ ፋብሪካዎቿ ትታወቃለች፤ «ፋቂ» የሚለው ስድብ ግን ከአፋችን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። የባለ እጅ ልጅ ሽማግሌዎች ፊት ሲቆም ሚዛኑ እኩል የማይሆንበት ቦታ ነበር፤ አሁንም አለ። ለዚህ ልጅ ሸራው ላይ ያለው መጽሐፍ ማንም የማይነግረውን ይነግረዋል፤ ዋጋህ በትውልድህ አይለካም፣ ትችላለህ ይለዋል። የሚቀሰቅሰው ቃል ለእሱ ተራ ነገር አይደለም። እነዚህ መጻሕፍት ከጥፋታቸው ሁሉ ጋር ይህ ውለታ አላቸው፤ ልንነጥቃቸውም አይገባም።

ሁለቱን፣ የግለሰቡን ክብርና የዝምድናውን ዕዳ፣ በአንድ ላይ የያዘ ጽሑፍ በእጃችን አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1667 ተጻፈ የሚባለው የፈላስፋው የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ ነው። ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ጽሑፉን የደረሰው የ19ኛው መቶ ዓመት ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሎ ተከራከረ፤ ሰምነር የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ሞገቱ፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አላረፈም። ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን ግን ታሪኩ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ በሱስንዮስ ዘመን ከስደት ሸሽቶ በዋሻ ለሁለት ዓመት ብቻውን ኖረ፤ በልቡናው መረመረ። ፍልስፍናው ግን በዋሻው አላበቃም። ወደ እንፍራዝ ሄዶ ሀብቱ በተባለ ሰው ቤት ጽሕፈት እየጻፈና ልጆች እያስተማረ ሲኖር ኂሩት የተባለች የቤቱን አገልጋይ አገባ። መልከ ቀና አልነበረችም፤ ጠባየ መልካም፣ አስተዋይና ታጋሽ ነበረች። አገልጋይ ሆና ሳይሆን እኩያው ሆና እንድትኖር ፈለገ፤ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና። በዋሻ ውስጥ የመረመረው እኩልነት የተፈተነው በቤቱ ውስጥ ነው። ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወትም በሐተታው ይበልጥ ወደ ኑሮ ወርዶ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ እጅ ሥራ ክብር ይመክራል። ያ የባለ እጅ ልጅ ይህንን ቢያነብ የራሱ አገር ሰው እንደተናገረለት ያውቅ ነበር።

ስለዚህ ለአዳማ አንባቢያን አንድ ነገር ልጠይቅ። የንባብ ክበብ ያላችሁ በዚህ ዓመት ከምታነቧቸው መጻሕፍት መካከል የወልደ ሕይወትን ሐተታ አስገቡ። ሰምነር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1995 እስከ 1997 ለእንግሊዝኛ አንባቢ ያዘጋጇቸው ሦስት የኦሮሞ ጥበብ ጥራዞችም አሉ፤ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ዘፈንና ተረት ይዘዋል። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ጎን ለጎን አሳትሞ ሸራው ላይ የሚያደርሳቸው አሳታሚ ቢገኝ አዟሪው ልጅ እንደሚሸጣቸው አልጠራጠርም። የስኬት መጽሐፍም ስታነቡ ብቻችሁን አታንብቡ። አንድ ምዕራፍ ላይ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ጥሩና «እርስዎ ይህን እንዴት ያዩታል?» በሏቸው። አባ ሚካኤል በብዕራቸው ያደረጉትን መቀነስና መጨመር እነሱ በአንደበታቸው ያደርጉላችኋል።

ከዚህ በኋላ መድረኩ የእናንተ ነው። ከአሰላ፣ ከባቱ፣ ከአርሲ ነጌሌና ከሻሸመኔ የመጣችሁ እናቶች ካላችሁ ከሁሉ በፊት ቃሉን ለእናንተ መስጠት እፈልጋለሁ፤ የምጠይቃችሁም ነገር አለኝ። ዛሬ ልጃችሁ የምትዳረው ጎረቤቷን በስም በማታውቅበት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሯ ብረት ነው፤ ከታች ያለው ቤት በየስድስት ወሩ ተከራይ ይቀይራል። ሲንቄዋን ይዛ ደረጃው ላይ ብትጮኽ የሚወጣላት ማን ነው? በከተማ የምትኖሩት ይህን እንዴት እያደረጋችሁት ነው? እባካችሁ ማይክሮፎኑን ወደ እናቶች አድርሱልኝ።